ስለ ምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ማኅበርና ስለ ጋራ ጸጥታ

ሰው ወዳጁን ይመርጣል እንጂ ጎረቤቱን አይመርጥም፤ መንግሥታትም እንደዚሁ ናቸው። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ በዓባይ ምንጮችና በስምጥ ሸለቆው ዙሪያ የሚገኙት አገሮች በወሰን፣ በወንዝ፣ በግጦሽና በሕዝብ ዝምድና ተሳስረው የሚኖሩ ስለ ሆነ፣ ካንዱ ቤት የተነሣው እሳት የሌላውን ጣራ ሳይነካ የጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው። እነዚህ መንግሥታት በየግላቸው ከሚያቆሙት ጦር ይልቅ በማኅበር ሆነው የሚይዙት የውጭ ፖሊቲካ ጸጥታቸውን ይበልጥ ሊጠብቅላቸው ይችላል የሚለው አሳብ ከቆየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሳቡ በሥራ ከተፈተነ ግን ስድሳ ዓመት ያህል ስላለፈ፣ ምን ሲደረግ እንደ ጸና፣ ምን ሲደረግም እንደ ፈረሰ አሁን ከታሪኩ ማንበብ ይቻላል።

የመጀመሪያው ፈተና በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተደረገው ነው። ግንቦት 29 ቀን 1959 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967) ካምፓላ ላይ በተፈረመው ውል የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር ሲቋቋም፣ ሦስቱ አገሮች ከእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን የወረሱትን ምድር ባቡር፣ ወደብ፣ ፖስታና ቴሌግራፍ፣ አየር መንገድም በአንድነት ያስተዳድሩ ነበር። ዋናው ጽሕፈት ቤት በአሩሻ ከተማ ሆነ። ለመምህራን ይበልጥ የሚሰማው የትምህርቱ ነገር ነው። ማከሬሬን፣ ናይሮቢንና ዳሬሰላምን ያስተባበረው የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በ1955 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየ ሲሆን፣ የሦስቱ አገሮች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በአንድ የፈተና ጉባኤ ሥር የሚፈተኑበት ጊዜ ነበር። የኪሱሙ ልጅና የሞሺ ልጅ አንድ ጥያቄ የሚመልሱበት፣ አንድ ዓይነት የምስክር ወረቀት የሚቀበሉበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ይህን ያህል ነገር በጋራ የያዙ አገሮች ሊለያዩ የሚችሉ አይመስልም ነበር። ሆኖም ውሉ ስለ ንግድ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ጋራ አገልግሎቶች በሰፊው ሲናገር፣ ስለ ውጭ ጉዳይና ስለ መከላከያ ዝም ብሎ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚቆመው ሥልጣን የሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ጉባኤ ስለ ነበረ፣ ሦስቱ ካልተቀመጡ ትልቅ ጉዳይ አይቆረጥም ነበር። በጥር ወር 1963 ዓ.ም. ጄኔራል ኢዲ አሚን በኡጋንዳ ሥልጣን በያዙ ጊዜ ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከእርሳቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም አሉ፤ ከሥልጣን የወረዱትን ሚልተን ኦቦቴንም በአገራቸው አስጠጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉባኤው አልተሰበሰበም። ባቡሩ ይሄዳል፣ ደብዳቤው ይደርሳል፣ የማኅበሩ ራስ ግን የለም።

በ1965 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የኦቦቴ ደጋፊዎች ከታንዛኒያ ተነሥተው ኡጋንዳን በወረሩና ሁለቱ አገሮች ወደ ጦርነት በተጠጉ ጊዜ፣ ያስታረቃቸው የአሩሻው ማኅበር አልነበረም። ስምምነቱ የተፈረመው የማኅበሩ አባል ባልሆነችው በሶማሊያ ዋና ከተማ በሞቃዲሾ ነው፤ ሁለቱም ወገን ጦራቸውን ከወሰኑ 10 ኪሎ ሜትር እንዲያርቁ ተስማሙ። አባላቱ ለጠባቸው ዳኛ ፍለጋ ከቤታቸው ውጭ መሄዳቸው የማኅበሩን ድካም ከሁሉ አስቀድሞ ያሳየ ምልክት ነበር። ሌላው በየተራው ተከተለ። ኬንያና ታንዛኒያ በጥቅም ክፍፍልና በኢኮኖሚ ሥርዓት ልዩነት ተቃቃሩ፤ አየር መንገዱ ተበተነ፤ በ1969 ዓ.ም. አጋማሽ ታንዛኒያ በኬንያ በኩል ያለውን ወሰኗን ዘጋች፤ በዚያው ዓመት ማኅበሩ ፈረሰ። በሚከተለው ዓመት ተኩል ውስጥ የአሚን ጦር የካገራን ምድር ወረረ፤ የታንዛኒያ ጦርም በሚያዝያ 1971 ዓ.ም. ካምፓላ ገባ። ማኅበሩ የፈረሰው ስለ ጥቅም በተደረገ ክርክር ብቻ ነው ብሎ ማስተማር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የጥቅሙ ክርክር እንዳይሸመገል ያደረገው የማን ስደተኛ በማን ቤት ይጠጋል የሚለው ጥያቄ መልስ ማጣቱ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የተነሣው ከችግር ነው። በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሱዳን የደረሰው ድርቅና ረኃብ መላውን ዓለም ያስደነገጠ ሲሆን፣ በጥር ወር 1978 ዓ.ም. (1986) ስድስት መንግሥታት፣ እነርሱም ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኡጋንዳ፣ በጅቡቲ ከተማ ተሰብስበው ድርቅን የሚከላከልና ልማትን የሚያፋጥን የበይነ መንግሥታት ድርጅት አቆሙ። ይህ ድርጅት በኋላ ኢጋድ በሚለው አጭር ስም የታወቀው ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስለ ዝናብ፣ ስለ እህልና ስለ በረሓ መስፋፋት ብቻ ነበር። የጉባኤው ጌታ የነበሩት ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አገኙ፤ ከኦጋዴን ጦርነት ወዲህ ያልተገናኙት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጄኔራል መሐመድ ዚያድ ባሬ በዚያ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ተያዩ። ድርቅ ፖሊቲካ የሌለው ጉዳይ ስለ መሰለ፣ ሁለቱም ክብራቸውን ሳይነኩ ሊመጡበት የሚችሉበት በር ሆነ።

ከዚህ የተገኘው ፍሬ አስቀድሞ ጣፋጭ፣ በኋላ መራራ ነው፤ ስለዚህም በትምህርት ቤት ታሪክ ውስጥ ከሚሰጠው ቦታ ሰፋ ያለ ይገባዋል። ከሁለት ዓመት ንግግር በኋላ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ የዲፕሎማቲክ ግንኙነታቸውን ለማደስ፣ ጦራቸውን ከወሰኑ ለማራቅና አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳቱን ለማቆም ተፈራረሙ። በመንግሥታት ዓይን ሲታይ ጉዳዩ እጅግ መልካም ነበር። ኢትዮጵያ በሰሜን ለሚደረገው ጦርነት ወታደሮቿን ማዛወር ቻለች፤ የሞቃዲሾም መንግሥት የደጁን ጠላት የገታ መሰለው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ምድር ተጠግቶ ይዋጋ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መጠጊያውን ሊያጣ መሆኑን ባወቀ ጊዜ፣ በግንቦት 1980 ዓ.ም. ወደ ቡራኦና ወደ ሐርጌሳ ገባ። መንግሥቱ በመድፍና በአውሮፕላን መለሰለት፤ ሐርጌሳ ከተማ ፈረሰች፤ ብዙ ሺሕ ሰው አለቀ፤ በመቶ ሺሕ የሚቈጠርም ሕዝብ ወሰኑን ተሻግሮ በኢትዮጵያ ውስጥ በሐርትሼክና በአካባቢው ተሰደደ። በ1983 ዓ.ም. ሁለቱም መሪዎች ከሥልጣናቸው ተወገዱ፤ ውሉን የተፈራረሙት ሁለቱ ሥርዓቶች ከውሉ በኋላ ሦስት ዓመት እንኳ እምብዛም አልቆዩም።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር በአንድነት ያስረዳል። የጎረቤትን ዐማፂ መጠጊያ መንሳት የጋራ ጸጥታ የመጀመሪያ ድንጋይ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም፤ ያለዚህ ሁለቱ አገሮች ዐሥር ዓመት ሙሉ ተፋጠው ኖረዋል። ደግሞም መጠጊያው ሲዘጋ በውስጥ ላለው ሕዝብ ቅሬታ መልስ ካልተዘጋጀ፣ ጦርነቱ ከወሰን ወደ ከተማ ይገባል እንጂ አይቀርም። የመጋቢቱ ውል ስለ ሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ጉዳይ፣ ስለ ሰሜኑ ሕዝብ ጥያቄ አንዲት ቃል መፍትሔ አልነበረውም።

ማኅበሩ ከዚህ በኋላ ያገኘው ትልቁ ሥራ ሱዳን ነው። የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ፣ በናይጄሪያ በአቡጃ የተደረገው ንግግር ፍሬ ሳያፈራ ስለ ቀረ፣ የካርቱም መንግሥት ራሱ ጎረቤቶቹ እንዲሸመግሉት ጠየቀ። በአዲስ አበባና በአስመራ የተነሡት አዲሶቹ መንግሥታት ወዳጆቹ ስለ ነበሩ ያደሉልኛል ብሎ ነበር። በ1985 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ኬንያና ኡጋንዳ በኮሚቴ ተመረጡ፤ የኬንያው ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይም ሰብሳቢ ሆኑ።

ኮሚቴው በግንቦት 1986 ዓ.ም. (1994) ለሁለቱ ወገኖች ያቀረበው የመሠረተ አሳብ መግለጫ ከጥቂት ገጽ የማይበልጥ ወረቀት ነው፤ ሆኖም ይህ ክፍለ ዓለም ከጻፋቸው የዲፕሎማሲ ሰነዶች አንዱና ጥንካሬውን ያሳየ ነው። ቃሉ የሱዳን አንድነት እንዲቀድም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አንድነቱ ሃይማኖትና መንግሥት በተለዩበት ሕገ መንግሥት፣ በእኩልነትና በሀብት ክፍፍል ላይ ካልቆመ፣ የደቡብ ሕዝብ የራሱን ዕድል በድምፁ የመወሰን መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአፍሪካ መንግሥታት በ1956 ዓ.ም. በካይሮ የቅኝ ግዛት ወሰን አይነካም ብለው የወሰኑ ስለ ነበረ፣ አራት የአፍሪካ ጎረቤቶች እንደዚህ ያለ ቃል መጻፋቸው ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ከአራቱ አንዷ ኤርትራ ከአንድ ዓመት በፊት በሕዝብ ድምፅ ነጻነቷን ያረጋገጠች፣ ሌላዋ ኢትዮጵያም የብሔረሰቦችን የራስ ዕድል መወሰን በሽግግር ሕጓ የተቀበለች መሆኗን ላስተዋለ፣ ቃሉ ከየት እንደ መጣ አያስቸግረውም።

ካርቱም ወረቀቱን አልቀበልም አለች። የሚደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሸምጋዮቹና ባለ ጉዳዩ ራሳቸው ጠበኞች ሆኑ፤ ኤርትራ በ1987 ዓ.ም. ከሱዳን ጋር የነበራትን ግንኙነት ቆረጠች፤ ኡጋንዳም እንዲሁ አደረገች፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የግብፁ ፕሬዚዳንት ሁስኒ ሙባረክ በአዲስ አበባ የግድያ ሙከራ ስለ ተደረገባቸው ኢትዮጵያ ሱዳንን ከሰሰች። ሱዳን የጌታን ተከላካይ ጦር የተባለውን የኡጋንዳ ዐማፂ ስታስጠጋ፣ ጎረቤቶቿ ደግሞ የጆን ጋራንግን ጦር ይረዱ ነበር። እንደዚህ ባለ ጊዜ ሽምግልና መቆም የነበረበት ይመስላል፤ ወረቀቱ ግን አልተነሣም። የሱዳን መንግሥት በጦር ሜዳ ሲጨንቀው በ1989 ዓ.ም. መሠረተ አሳቡን ለንግግር መነሻ እንዲሆን ተቀበለ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ፣ የኮሚቴው ግማሽ የሌላው ግማሽ ጠላት ሆነ፤ አሁንም ወረቀቱ ቆየ።

በዚህ መካከል ግብፅና ሊቢያ በ1991 ዓ.ም. ሌላ የሰላም አሳብ ይዘው ቀረቡ፤ በዚህኛው ግን ስለ ራስ ዕድል መወሰን የሚናገር አልነበረም። ካርቱም ይህንኛውን ወደደች። ሁለት የሽምግልና ደጃፍ ሲከፈት ተሟጋች በየተራው የሚያደላለትን ደጅ እንደሚያንኳኳ በአገር ሽማግሌ ፊት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም ኬንያ በናይሮቢ ለሱዳን ሰላም የተለየ ጽሕፈት ቤት አቁማ ስለ ነበረ፣ የደቡቡም ወገን ከመሠረተ አሳቡ አልወጣም ስላለ፣ በ1994 ዓ.ም. አሜሪካ፣ እንግሊዝና ኖርዌይ በጉዳዩ በብርቱ ሲገቡ የገቡት በማኅበሩ ደጃፍ ነው። ጄኔራል ላዛሮ ሱምቤይዎ የተባሉት የኬንያ መኰንን ሸምጋይ ሆነው፣ ኃያላኑ ገንዘብና ግፊት እየጨመሩ፣ የሚጻፈው ቃል ግን በጎረቤቶቹ ወረቀት ላይ የተመሠረተ ሆነ። በሐምሌ 1994 ዓ.ም. የማቻኮስ ፕሮቶኮል፣ በመስከረም 1996 ዓ.ም. በናይቫሻ የጸጥታው ስምምነት፣ ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. (2005) በናይሮቢ ጠቅላላው የሰላም ውል ተፈረመ። ናይቫሻ ላይ ጆን ጋራንግና ምክትል ፕሬዚዳንቱ አሊ ዑስማን ጣሃ ብዙ ወራት ሙሉ ፊት ለፊት ተነጋገሩ። በጥር 2003 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ድምፅ ከመቶ 98.83 ለመለየት ስለ ሰጠ፣ ሐምሌ 2 ቀን ደቡብ ሱዳን ነጻ መንግሥት ሆነች።

ውሉ ጉድለት የለውም አይባልም፤ ሁለት ባለ ጠመንጃ ወገኖችን ብቻ አስቀምጦ ሌላውን ሕዝብ ከደጅ አቁሟል፤ ዳርፉር ስትቃጠል ናይቫሻ ዝም ብላለች። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ የሚጠየቀው አንድ የጎረቤቶች ማኅበር በውጭው ዓለም ፊት ድምፁ የሚሰማው መቼ ነው የሚለው ስለ ሆነ፣ የሱዳኑ ነገር መልሱን ይሰጣል። አባላቱ ከመጣላታቸው በፊት በአንድ ቃል ላይ ፈረሙ፤ ከተጣሉም በኋላ ቃሉን አልቀየሩም። የማኅበሩ ኃይል ጦር ሳይሆን ይህ ነበር።

ድርጅቱ ራሱ የተሻሻለው በዚሁ ሥራ መካከል ነው። በመጋቢት 1988 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የመመሥረቻው ውል ታድሶ፣ ከድርቅና ከልማት በተጨማሪ ሰላምና ጸጥታን መጠበቅ የማኅበሩ ሥራ መሆኑ ተጻፈ፤ በኅዳር 1989 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይም አዲሱ ድርጅት ተመረቀ። በጥር 1994 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተፈረመው ፕሮቶኮል ደግሞ ግጭትን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ክፍል ተቋቁሞ ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ ሆነ። መንግሥታቱ ይህ ክፍል የእርስ በርስ ጠባቸውን እንዲመለከት ስላልፈቀዱ፣ ሥራው በመጀመሪያ በወሰን ላይ በሚኖሩ ከብት አርቢዎች ላይ ብቻ ነበር። ቱርካና፣ ካራሞጆንግ፣ ቶፖሳ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች በሚኖሩበት ምድር የከብት ዘረፋ ሲነሣ፣ የግጦሹ መድረቅ፣ የጎበዛዝቱ መሰብሰብና የሴቶችና የሕፃናት ከመንደር መራቅ በየጊዜው ይመዘገባል። ሥራው ትንሽ ይመስላል። ግን የአራት አገር አስተዳዳሪዎች ስለ አንድ ዘረፋ አንድ ዓይነት ወረቀት እንዲያነብቡ ያደረገ ሥራ በዚያ ወሰን ላይ አስቀድሞ አልነበረም።

የሶማሊያው ነገር የሱዳኑ ተቃራኒ ነው። በ1995 ዓ.ም. በኬንያ በኤልዶሬት ተጀምሮ በምባጋቲ የተፈጸመው ረጅም ጉባኤ የሽግግር መንግሥት አቆመ፤ ኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍም በ1997 ዓ.ም. መግቢያ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። መንግሥቱን ወደ አገሩ የሚያስገባ የማኅበሩ ጦር ይላክ የሚል አሳብ ተነሣ። ነገር ግን ስለ ሶማሊያ አባላቱ የተስማሙበት አንድ የመሠረተ አሳብ ወረቀት አልነበረም፤ እያንዳንዱ የራሱን ወዳጅ በሞቃዲሾ ይፈልግ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በኅዳር 1999 ዓ.ም. ጦሩን ሲፈቅድ፣ የሶማሊያ ወሰንተኞች ወታደር እንዳይልኩ አዘዘ፤ በሚቀጥለው ወር የኢትዮጵያ ጦር በራሱ ውሳኔ ሞቃዲሾ ገባ። የማኅበሩ ጦር ከወረቀት አላለፈም፤ በየካቲት ወር ተራው ለአፍሪካ ኅብረት ተላለፈ። በሚያዝያ ወር ኤርትራ ማኅበሩ የአንድ አባል መሣሪያ ሆኗል ብላ አባልነቷን አቋረጠች። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በ2015 ዓ.ም. ወደ መቀመጫዋ ብትመለስም ግንኙነቱ አልጸናም። የኤርትራን ወቀሳ የማይቀበል ሁሉ እንኳ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበርነት ከዐሥር ዓመት በላይ በኢትዮጵያ እጅ ቆይቶ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ብቻ ወደ ሱዳን መተላለፉ ለወቀሳው ምክንያት እንደ ሰጠ መካድ አይገባውም።

ደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. እርስ በርሷ ስትዋጋ፣ ማኅበሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ለሽምግልና ተነሣ። ሆኖም ከሸምጋዮቹ አንዷ ኡጋንዳ በፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ወገን ጦር አሰልፋ ትዋጋ ነበር፤ የሪክ ማቻር ሰዎችም ከካርቱም ድጋፍ ያገኛሉ ይባል ነበር። ማኅበሩ ቅጣት እጥላለሁ እያለ ደጋግሞ ዛተ፤ አንድም ጊዜ አልጣለም። የነሐሴ 2007 ዓ.ም. ስምምነት አንድ ዓመት ሳይሞላው በጁባ መንገዶች ላይ ፈረሰ። ሁለተኛው ስምምነት የመጣው ሁለቱ ደጋፊዎች፣ ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽርና ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ፣ በ2010 ዓ.ም. ክረምት ካርቱም ላይ ተቀምጠው ተፋላሚዎቹን በየበኩላቸው ሲያስገድዱ ነው፤ መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተፈረመ። በጁባ ያለውን ጦርነት ያቆመው በጎረቤቶቹ መካከል የነበረው ጠብ መቆሙ ነው።

ገንዘቡ ሌላ ድካም ነው። በሶማሊያ ለተሰለፈው የአፍሪካ ኅብረት ጦር አበል የሚከፍለው የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ዓ.ም. ክፍያውን ከመቶ 20 ሲቀንስ፣ ወታደር ያዋጡት መንግሥታት በሙሉ ተንጫጩ፤ በደቡብ ሱዳን የተኩስ ማቆሙን የሚቆጣጠረውም ክፍል አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ድጋፏን ስታነሣ ተንገዳገደ። የራሱን ታዛቢ የነዳጅ ወጪ መክፈል የማይችል ማኅበር፣ ከፋዩ ወገን ያልወደደውን መናገር ይከብደዋል። የአባላቱ መዋጮ በጊዜው ቢገባ ስንት ነገር ይሻሻል እንደ ነበር በየጉባኤው ይነገራል፤ በየጉባኤውም ይረሳል።

ከፍርስራሹ በኅዳር 1992 ዓ.ም. አሩሻ ላይ በአዲስ ውል የተነሣው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር ደግሞ ካለፈው ስሕተት በከፊል ተምሯል፤ አዲሱ ውል ስለ ውጭ ጉዳይና ስለ መከላከያ መተባበር ይናገራል። ኮንጎ በ2014 ዓ.ም. ከተቀበለችው በኋላ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የኬንያ ጦር ቀዳሚ ሆኖ የማኅበሩ ወታደሮች ወደ ጎማ ገቡ። ጦሩ ግን ገብቶ የሚሠራውን ሥራ ኮንጎና ላኪዎቹ በሁለት መንገድ ተረድተውት ነበር፤ ኪንሻሳ ኤም ሃያ ሦስት የተባለውን ዐማፂ ይውጋልን ስትል፣ ላኪዎቹ በመካከል ቆመን እናራርቃለን አሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠበብት በየጽሑፋቸው የዐማፂው ደጋፊ ናት ያሏት ሩዋንዳም የዚያው ማኅበር አባል ነበረች። ኮንጎ ፈቃዷን ስላላራዘመች ጦሩ ከአንድ ዓመት በኋላ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወጣ። የኔሬሬና የአሚን ዘመን ጥያቄ፣ የጎረቤቴን ዐማፂ ማን ያስጠጋል የሚለው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ ወሰን ላይ ተመልሶ መጣ።

በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት የኢጋድን ድካም ገለጠው። የሱዳን ጦር አዛዦች የሽምግልናውን ሰብሳቢ ኬንያን ለተቃራኒያችን ታደላለች ብለው አልተቀበሏትም፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ማኅበሩ የፈጥኖ ደራሹን ጦር መሪ ወደ እንቴቤ ጉባኤ ስለ ጠራ፣ ሱዳን አባልነቷን አገደች። ንግግሩ በጂዳና በሌሎች ከተሞች ተበታተነ፤ ተሟጋቾቹም በየደጃፉ ዞሩ። በ1994 ዓ.ም. ኃያላኑ በማኅበሩ ደጃፍ እንዲገቡ ያስገደደ ወረቀት ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ጎረቤቶቹ አስቀድመው የተስማሙበት ቃል ስላልነበራቸው፣ ለሚመጣው እንግዳ የሚያሳዩት ነገር አልነበራቸውም።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ስለ ባሕር በር ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም፣ ሶማሊያ ግዛቴ ተነካ ብላ ተቈጣች። ሁለቱም በ1978 ዓ.ም. በጅቡቲ ማኅበሩን ካቆሙት ስድስት መንግሥታት መካከል ናቸው፤ የዚያ ቀን ጎረቤት መሪዎች ስለ ዝናብ ተጠርተው የመጡት በኦጋዴን ምድር ደም ከተፋሰሱ ስምንት ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን ጠባቸውን ያበረደው ቃል በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ የተነበበው በጅቡቲ ወይም በናይሮቢ አይደለም፤ ሁለቱ መሪዎች የቱርክን ፕሬዚዳንት በመካከል አስቀምጠው በአንካራ ቆመው ነው። በ1965 ዓ.ም. ኡጋንዳና ታንዛኒያ ወደ ሞቃዲሾ እንደ ሄዱ፣ ሞቃዲሾም በተራዋ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች።